ፊልሙ በአስቸኳይ ይታጠብ

ጥቅምት 20 ቀን 1979 ዓ.ም.

የጂንካን ሰው ግማሹን ፎቶ ያነሳሁት እኔ ነኝ።

እሺ... የሚያነሳው የፎቶ ቤቱ ባለቤት ጋሼ ኸይሩ ነው። እኔ ከጀርባ መጋረጃውን ነው የምወጥረው። ግን መጋረጃው ባይወጠር ማን ይቀመጥ ነበር? ሐይቅ ተስሎበታል፣ ዘንባባ ተስሎበታል፣ ጫፉ በረዶ የለበሰ ተራራ ተስሎበታል። እዚህ አገር በረዶ የለበሰ ተራራ ያየ ሰው የለም። ሁሉም ግን ከሥሩ ቁጭ ብሎ መነሳት ይወዳል። ዛሬ አንድ ከቀይ አፈር ከተማ የመጣ ነጋዴ ክራቫት ተውሶ ተቀመጠና፣ ተራራው እንዳይወድቅብኝ አጥብቀህ ያዝ አለኝ። እኔ የያዝኩት ተራራ ወድቆ አያውቅም አልኩት። ጋሼ ኸይሩ ከካሜራው ኋላ ሆኖ፣ ተራራውን ተውና አፍህን ያዝ አለኝ።

ደብተሩን የገዛሁት ዛሬ ነው። የማታውን ትምህርት ጨርሼ ወረቀቴን ከተቀበልኩ ወዲህ እጄ አርፎ አይቀመጥም። የሱቁን ታፔላ አነባለሁ፣ የስኳሩን ጆንያ አነባለሁ፣ ባዶ ግድግዳ ካገኘሁ ስሜን እጽፋለሁ። ሻንቆ። ሚስቴ አስካል ገና እየተማረች ነው። እኔ "በ" ላይ ናት እላለሁ፣ እሷ "ዘ" ደርሻለሁ ትላለች። ማን ይመርምር?

ጥቅምት 24

አባቴን ላየው አዲሱ መንደር ሄድኩ። ሰዉን ሁሉ ከጋራው ያወረዱት ባለፈው በጋ ነው። መንደር ምሥረታ ተባለ፣ ወረዱ። ቤቶቹ በመስመር ነው የተሠሩት፣ በራቸው ሁሉ ወደ መንገዱ፤ ልክ እንደ ተማሪ ሰልፍ። ጋራው ከኋላ ቀረ። አባቴ ደጁ ላይ ቁጭ ሲል የሚያየው የጎረቤቱን በር ነው። ጎረቤቱም የሚያየው የአባቴን በር።

እግሩ አብጧል። ትንፋሹ ያጥረዋል። ሐኪም ቤት ልቡ ደክሟል አሉኝ። እንደገና ይወጣዋል ወይ ብዬ ስጠይቅ፣ ምኑን? አሉኝ። ጋራውን ነበር የምለው... ትቼው ወጣሁ።

አባቴ የሚያወራው በአሪኛ ነው። አማርኛ የማደርገው እኔ ነኝ፤ ሲጻፍ ያጥራል።

"ቤቴ ቆሟል?" አለኝ።

"ቆሟል።"

"ዝግባውስ?"

"እሱማ የት ይሄዳል?"

በሩን በጀርባ በኩል እንዲከፍቱለት የመንደሩን ሊቀመንበር ጓድ ደምሰውን ለምኖት ነበር። ደምሰው፣ አባባ መስመር ይበላሻል አለው። አንድ ጊዜ ብቻ ባየው፣ አለኝ አባቴ፤ ቤቴን ከነጋራው አንድ ጊዜ ባየውና የሚሆነው ቢሆን።

አፌ መች ይቀመጣል። ጋራውን አመጣልሃለሁ አልኩት። እንዴት አድርገህ አለኝ። በኪሴ አልኩት። ሳቀ፣ ሳቁ ሳል ሆነበት፣ ሳሉ አልቆም አለ።

ምን ብዬ ነው ቃል የገባሁት?

ጥቅምት 28

ጋሼ ኸይሩን ካሜራውን ለመንኩት። ካሜራዬንና ሚስቴን አላውስም አለኝ። ስለ አባቴ ነገርኩት። የሱም አባት እዚያ ስልጤ አገር ነው የሞቱት፣ እሱ እዚህ እያለ።

ከሰዓት በኋላ ራሱ ጠራኝ። የማጠቢያው መድኃኒት ስላለቀ ሊያመጣ አዲስ አበባ ይሄዳል። ካሜራው ውስጥ አዲስ ፊልም አለ፣ በሱ አንሳ አለኝ። ፀሐዩን በጀርባህ አድርግ። ስትጫን አትተንፍስ። ስትጨርስ በዚህ ጠምዝዘህ ፊልሙን አውጣ፣ ስመለስ አጥብልሃለሁ።

"ጉም ካለ ግን እንዳትነካው" አለኝ። "ጉም ስታነሳ የሚወጣልህ ባዶ ወረቀት ነው። ወላሂ ፊልሜን በጉም ብትጨርስ ቆዳህን ነው የማጥበው።"

ኅዳር 3

ጋራው ላይ ለመውጣት ከደምሰው የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። ካሜራውን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ተራራ ለምን ይነሳል? ለማን ነው የሚላከው? ለአባቴ አልኩት። አባትህ ተራራውን አያውቀውም እንዴ አለኝ። ያውቀዋል፣ የናፈቀው ስለሚያውቀው ነው አልኩት።

"ጉርድ ነው ሙሉ?" አለኝ ፈርሞ ሲሰጠኝ።

ቀልዱን ቀደመኝ። አበሳጨኝ። እንደዚህ ያለውን ነገር እኔ ነበርኩ የምለው።

ከዚያ፣ ቶሎ በል አለኝ። ላይ የቀሩት ቤቶች ይፈርሳሉ። እንጨቱ ለስብሰባው አዳራሽ ተፈልጓል።

ኅዳር 5

ሳላርፍ አባቴ ቤት ደረስኩ።

እሺ፣ አርፌያለሁ። ብዙ ጊዜ። ሳንባዬ የፎቶ ቤት ሳንባ ሆኗል።

ሰው የማይሄድበት መንገድ እንዴት ቶሎ ይዘጋል! በየቡናው ሥር ሳይለቀም የቀረ ፍሬ ወድቆ በቅሏል። ኮረሪማውን የሚነቅል የለም። ከአባቴ እንሰት መሃል ዝንጀሮዎች ተቀምጠዋል፣ እንደ ባለቤት። ሲያዩኝ እንኳ አልሸሹም። አንዱ ትልቁ እንደ ደምሰው አየኝ፤ የይለፍ ወረቀትህስ? ያለኝ መሰለኝ።

በሩ አባቴ ባሰረው ገመድ እንደታሰረ ነው። እንዴት እንደሚያስር አውቃለሁ፣ ጫፏን ወደ ውስጥ ይሸጉጣታል። ፈትቼ ገባሁ። ምሰሶውን ነካሁት። ጭሱ የጠገበው ምሰሶ፣ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ። ልጅ ሆኜ ቁመቴን በቢላ የምለካበት ቦታ አሁንም አለ። ፊደል ሳላውቅ ያነበብኩት ነገር እሱ ብቻ ነበር።

ጉም ነበር። የጂንካ ሰው ያለ ምክንያት ጉማሙ ብሎ አልጠራውም። ዝግባው ሥር ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ።

ከዚያ ጉሙ ተነሳ።

መጋረጃ እንደሚሰበሰብ ነው የተሰበሰበው። የቤቱ ጣሪያ ታየ፣ ዝግባው ታየ፣ ከኋላቸው ጫፉ አለቱን አውጥቶ ቆመ። ታች የጂንካ አውሮፕላን ሜዳ እንደ ተዘረጋ ቆዳ፣ ላዩ ላይ ከብት ሲግጥ። ከዚያ ማዶ የማጎ ቆላ፣ ሰማያዊ፣ መጨረሻ የሌለው። ሳልተነፍስ ተጫንኩ። ደጋግሜ፣ ፊልሙ እስኪያልቅ። የጋሼ ኸይሩ የበረዶ ተራራ ቢያየው መጋረጃው ውስጥ በተደበቀ።

ኅዳር 7

ካሜራውን ለጋሼ ኸይሩ ሚስት ለመኪያ መለስኩ። እሱ አልተመለሰም። ፊልሙን አልሰጠኋትም፤ በኪሴ ብያለሁ፣ በኪሴ።

አባቴ ዘንድ ይዤው ሄድኩ። ፊልሙ ያለበትን ቆርቆሮ በእጁ ሰጠሁት። ጆሮው ላይ አድርጎ ወዘወዛት።

"እዚህ ውስጥ ነው?"

"ሙሉው።"

"አሳየኝ።"

ገና መታጠብ አለበት አልኩት። ቆሽሿል? አለኝ። በኛ ቋንቋ ሌላ ቃል አጣሁለት። አልቆሸሸም፣ ሲታጠብ ነው የሚታየው አልኩት። እንግዲህ ቶሎ ይታጠብ፣ አለኝ አባቴ። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል።

ኅዳር 9

በሩጫ ነው የምጽፈው። ቤቶቹን ለማፍረስ የዘመቻ ሰው ተለቅሟል፣ እኔም አለሁበት። መኪናው ቆሟል። ጋሼ ኸይሩ ዛሬ ወይ ነገ ይገባል አሉ፤ ሲገባ ፊልሙን የሚወስድ ሰው መላኩ አይቀርም። አስካል ገበያ ናት። ቆርቆሮዋን መደርደሪያው ላይ አስቀምጬ ከሥሯ ወረቀት አኖርኩ። እንዲያው ተራ ወረቀት እንዳይመስላችሁ... ማን ናችሁ እናንተ? የጽሕፈት ቤት በር ላይ እንደሚለጠፈው አድርጌ ነው የጻፍኩት፣

ይህ ፊልም በአስቸኳይ ይታጠብ። ሻንቆ።

ሥሩን አሰመርኩበት። አማርኛዬን ራሴ አይቼ ራሴን ፈራሁት።

ኅዳር 17

ተመለስኩ።

የአባቴን ቤት ምሰሶ የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ሊይዘው ሲል ተውልኝ አልኩ። ቁመቴ የተለካበት በኩል ትከሻዬ ላይ ሆነ። ቁልቁለቱን ስወርድ ፎቶው አለ፣ ፎቶው አለ እያልኩ ነው የወረድኩት።

ስለ ፊልሙ ዛሬ አልጽፍም።

ኅዳር 18

ልጻፈው።

አስካል በሩ ላይ ነበር የጠበቀችኝ። ፊቷ በራ።

"አነበብኩት" አለችኝ። "ማንም ሳይረዳኝ። በአስቸኳይ የምትለዋ ብቻ ነች ያስቸገረችኝ።"

"ምኑን?"

"ይታጠብ ያልከውን ነዋ።"

እጄን ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። የልብስ ገመዱ ላይ፣ ከሸሚዜ አጠገብ፣ ረጅም ነገር ተሰጥቷል። እንደ እባብ ቆዳ። ወዲያና ወዲህ በመቆንጠጫ ተይዟል፣ ንፋስ እንዳይወስደው።

"ከቆርቆሮው ስስበው፣ ስስበው አያልቅ" አለች። "ደግሞ እድፉ እምቢ አለኝ። ውሃ አፍልቼ በሳሙና አሸሁት፣ ያኔ ለቀቀ። እየው እስቲ፣ እንደ መስተዋት።"

እውነትም እንደ መስተዋት ጠርቷል። ማዶ ይታያል።

ሳቅኩ። መጀመሪያ ሳቅኩ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም። አብራኝ ሳቀች። ለምን እንደምንስቅ ሳታውቅ።

ከዚያ ነገርኳት። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ደግማ ጠረገች። የደረቀ እጅ።

ፊልሙን ለጋሼ ኸይሩ ወሰድኩለት። ከአዲስ አበባ የገባ ዕለት ሰው ልኮ ነበር፤ አስካል፣ ታጥቦ ሲደርቅ ሻንቆ ያመጣል ብላ መልሳዋለች። ሰውዬው ምን እንደገባው እንጃ። ጋሼ ኸይሩ ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ አየው። ይቆጣል ስል አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ቆዳዬን እንኳ አጥባለሁ አላለም። "ንጹሕ ነው" አለ ብቻ፣ ጠቅልሎ መልሶ ሰጠኝ።

ሌላ ፊልም አለው። ቤቱ ነው የሌለው።

ወረቀቴን ደግሜ አየሁት። ይታጠብ ይላል። ማን ይጠበው አይልም። የት ይታጠብ አይልም። አስካል፣ ይህን ለጋሼ ኸይሩ ስጪው ብል ምን ነበረበት? ሁሉም ፊደል አለኝ። ግን ቢሮ ቢሮ እንዲሸት ፈለግሁ።

ኅዳር 22

አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ባዶ እጄን መግባት ከበደኝና የታጠበውን ፊልም ይዤ ገባሁ። ምን ላደርግበት ነው? አላውቅም።

እንዲቀመጥ ደገፍኩት። ፊልሙን ወደ በሩ ብርሃን አደረገው። ረጅም ጊዜ አየ።

"የጎረቤቴን በር ነው የማየው" አለኝ።

በአፌ ልንገርህ አልኩት። አባቴ፣ በዚህ በኩል ጣሪያህ አለ። እዚህ ዝግባው። ከኋላው ጫፉ፣ አለቱ ሳይቀር። ታች ሜዳው። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝ። ገመዱስ? አለኝ። እንዳሰርከው ነው አልኩት። ጫፏን ሸጉጬ ነበር አለ። እንደሸጎጥካት ናት አልኩት። ቤቱን ማፍረሳችንን አልነገርኩትም። ያውቃል፤ አዳራሹ ከሱ ቤት ፊት ለፊት ነው የሚሠራው፣ እንጨቱ ሲራገፍ ሰምቷል።

"ጉም አልነበረም?" አለኝ።

"ነበረ። ተነሳልኝ።"

ዓይኑን ከፍቶ አየኝ።

"ለእኔ በኅዳር ተነስቶልኝ አያውቅም" አለ። ፊልሙን ጠቅልሎ መለሰልኝ። ወደ ግድግዳው ዞረ።

ታኅሣሥ 6

አባቴ ሞተ።

ሜዳው ላይ ቀበርነው። ደምሰው ስለ መስመር እስኪናገር ጠበቅኩ፣ ምንም አላለም። ፊቱን ወደ ጋራው አደረግነው። ጋራው ግን አልታየም።

ታኅሣሥ 19

አስካል ትምህርቱን ትታለች። መምህርቷ ጥሩብርሃን ቤት ድረስ መጥታ ነበር፤ ከክፍሉ ሁሉ ቀድማ ያነበበችው እሷ ናት፣ ምን ሆና ነው? አለችኝ። አስካል ከጓዳ አልወጣም አለች። ጥሩብርሃን ስትሄድ ቀስ ብላ መጣችና፣ ባላነብ ኖሮ አባባ ያዩት ነበር አለችኝ።

ልጆቹ "ፊልም አጣቢዋ" ይሏታል። ከየት ሰሙ? ከማን ይሰማሉ! ጠላ ቤት ቁጭ ብዬ ሰውን የማስቀው እኔ። ውሃ አፍልታ! በሳሙና! ስል ቤቱ በሳቅ ይናወጣል። ዝም ቢሉኝ ደግሞ ፎቶውን አሳምረዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ከዝግባው ላይ ንስር ተቀምጦ ነበር አልኩ። ትናንት ንስሩ በረረ። አስካል ይህን ሁሉ ከጎረቤት ትሰማለች። በየቀኑ ያጠበችው ነገር ይበልጥ እያማረ ይሄዳል።

ጥር 4

መጋረጃ ወጠርኩ። ምንም አልቀለድኩም። ጋሼ ኸይሩ አመመህ ወይ አለኝ።

የካቲት 11

ዛሬ ጋራው ጥርት ብሎ ታየ። ከገበያው ብታየው፣ ከአውሮፕላን ሜዳው ብታየው፣ አለቱ አንድ በአንድ ይቆጠራል። አንድም ጎጆ የለበትም። ጋሼ ኸይሩ ደጁ ላይ ቆሞ አየውና ካሜራውን ዘረጋልኝ። እንዲህ ያለ ብርሃን አይገኝም፣ ሂድና አንሳ አለኝ። ምኑን? አልኩት። ገባው መሰለኝ፣ ካሜራውን መልሶ አስቀመጠ።

ከሥራ ስገባ አስካል ጎመን ትቀነጥሳለች። አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ስገባ ሳስበው የነበረውን ሁሉ ረሳሁት።

"አስካል፣ ፊልሙ ላይ ምንም አልነበረም" አልኳት።

"ነበረ እንጂ። ዝግባው፣ ጣሪያው፣ ያ ንስር። አገሩ ሁሉ በቃሉ ይዞታል።"

"ጉም ነበር። ብታጥቢውም ባታጥቢውም ያው ነበር።"

ጎመኑን አላቆመችም።

"ለእኔ ብለህ ነው" አለች። "ደግ ነህ። ዛሬ ግን መዋሸቱን እንኳ አልቻልክበትም።"

እኔን! ከጂንካ እስከ ገዘር በውሸት የታወቅኩትን! ማልኩላት፣ አላመነችም። በአባቴ መቃብር ብዬ ማልኩ፣ እሳቸውን ተዋቸው አለችኝ። ተነስቼ ይህን ደብተር አመጣሁ፣ እዚህ ላይ እጽፈዋለሁ፣ አንቺው አንብቢው አልኳት።

"ማንበብ ትቻለሁ" አለችኝ።

ለማን እንደምጽፈው እንጃ። ይጻፍ ብቻ።

ኅዳር 5 ላይ የጻፍኩት ሌላው ሁሉ እውነት ነው። ዝንጀሮዎቹ ነበሩ፣ ገመዱ ነበር፣ ሳንባዬም እንዳልኩት ነው። ዝግባው ሥር እስኪመሽብኝ ጠበቅኩ። ቃል ገብቼ ነበር፣ ባዶዬን መውረድ አልቻልኩም። ቤቱ በየት በኩል እንዳለ ስለማውቅ ወደዚያ አዞርኩት፤ ካሜራው ከእኔ ዓይን ይሻል ይሆናል ብዬ። ምሰሶውን ተሸክሜ ስወርድም ይህንኑ ነበር የማስበው። አባቴ ግን ጋራውን ያውቀዋል።

ጉሙ አልተነሳም። ፎቶ የተነሳው ግን እሱ ብቻ ነው።